ስንቱ በሕይወት ወጣ? የውሻና የድመት መጠለያ መዝገብ፣ ስሌትና የመርፌ ውሳኔ ከሐዋሳ ግቢያችን

የመጀመሪያ ዓመታችን ሊያልቅ ሲል «ከተቀበልናቸው 10 እንስሳት 9ኙ በሕይወት ወጥተዋል» ብለን በትልቁ ጽፈን የግቢው በር ላይ ለጠፍን። ሳምንት ሳይሞላ አንድ አንጋፋ የእንስሳት ሐኪም ሊጎበኙን መጡ። ወረቀቱን አንብበው ምንም አላሉም፤ ደብተሩን ብቻ ጠየቁኝ። ጣታቸውን በሐምሌ ገጽ ላይ ቁልቁል ሲያወርዱ ቆዩና «እነዚህ 7 ቡችሎች ‹ወጡ› ይላል። ወዴት ነው የወጡት?» አሉኝ።

ቡችሎቹ ፓርቮ በተባለው ተላላፊ የቡችላ ተቅማጥ ታመው በ5 ቀን ውስጥ ያለቁ ናቸው። በካርቶን አውጥቼ የቀበርኳቸው እኔ ነኝ፤ «ወጡ» ብሎ የጻፈውም የእኔው እጅ ነው። ልዋሽ ብዬ አልነበረም። ደብተሩ ላይ «ገባ» እና «ወጣ» ከሚሉ ሁለት ዓምዶች ሌላ ስላልነበረ ነው። ወረቀቱን ያን ዕለት ማታ ነቀልኩት።

ከዚህ በታች ያለው ከዚያ ወዲህ የተማርነው ነው። የጻፍኩትም በተከራዩት ግቢ 20 ወይም 30 ውሻና ድመት ይዘው ለሚታገሉ ሰዎች ነው፤ ሐዋሳም ይሁን ሌላ ከተማ።

ቁጥሩ ምንድን ነው?

በሕይወት የወጣ ድርሻ ማለት በአንድ ዓመት ከመጠለያው ከወጡት እንስሳት ስንቱ በሕይወት ወጣ ማለት ነው። ፈረንጆቹ ላይቭ ሪሊዝ ሬት ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2004 የአሜሪካ የመጠለያ ሰዎች ካሊፎርኒያ ውስጥ አሲሎማር በተባለ ስፍራ ተሰብስበው አንድ ዓይነት አቆጣጠር እንዲኖር ተስማሙ፤ ከዚያ በፊት ሁሉም በየራሱ መንገድ ይቆጥር ስለነበር አንዱን መጠለያ ከሌላው ማወዳደር አይቻልም ነበር። እዚያ አገር ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ኤኤስፒሲኤ የተባለው የእንስሳት ጥበቃ ማኅበር እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2011 በመጠለያዎች በመርፌ የሚገደሉት ውሾችና ድመቶች በዓመት ወደ 2.6 ሚሊዮን ይጠጉ ነበር፤ በ2019 ወደ 920 ሺህ ወርደዋል።

የእኛ ግቢ ከዚያ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ጥያቄው ግን ያው ነው፤ በሩን ገብቶ የነበረው እንስሳ ምን ሆነ?

1. ደብተሩን አስተካክሉ

ኮምፒውተር የግድ አይደለም። ጠንካራ ሽፋን ያለው ትልቅ መዝገብ ይበቃል። ሽቦ ያለውን አትግዙ፤ ገጽ ይነቀልበታል፣ የሚነቀለው ገጽ ደግሞ ሁልጊዜ መጥፎ ዜና ያለበት ነው። በእስክሪብቶ ጻፉ። ስትሳሳቱ በአንድ መስመር ሰርዛችሁ ከጎኑ ፈርሙ።

ለእያንዳንዱ እንስሳ አንድ መስመር፦ ቁጥር፣ የገባበት ቀን፣ ውሻ ወይስ ድመት፣ ፆታ፣ ዕድሜ በግምት፣ መልክ፣ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንዳመጣው፣ ለምን፣ የተከተበበት ቀን፣ የመከነበት ወይም የተኮላሸበት ቀን፣ የወጣበት ቀን፣ አወጣጡ። አንዴ የተሰጠ ቁጥር እንስሳው ቢሞትም ለሌላ አይሰጥም።

መልክ በሚለው ላይ «ቡኒ ውሻ» ብላችሁ እንዳትተዉት። የሐዋሳ ውሻ ግማሹ ቡኒ ነው። «ቡኒ፣ ደረቷ ነጭ፣ የግራ ጆሮዋ ጫፍ የተቀደደ» ስትሉ ግን ከሦስት ወር በኋላም ትለይዋታላችሁ። «ከየት» የሚለውም እንደዚሁ ነው። «መነሃሪያ» ብቻ አይበቃም፤ «ከመነሃሪያው በር ፊት ለፊት ካለው ሥጋ ቤት» ብላችሁ ጻፉ። ይህ ዓምድ ኋላ ላይ ከሁሉም የበለጠ ሥራ ይሠራል።

ስለ ቀን ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ወርሃዊ ሪፖርት ስትሠሩ ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር ደምሯት። 5 ወይም 6 ቀን ያላትን ወር ለብቻዋ ካስቀመጣችኋት ግራፉ ላይ ሞትም ቅበላም በድንገት የቆመ ይመስላል። ሁለተኛ፣ የመድኃኒት ሰዓት ስትጽፉ «ጠዋት 2 ሰዓት» በሉ እንጂ «2፡00» ብቻ አትበሉ። አንድ ለልምምድ የመጣ ተማሪ በፈረንጅ ሰዓት የጻፈውን ጠባቂያችን በእኛ ሰዓት አንብቦት አንዲት ድመት በአንድ ጠዋት መድኃኒቷን ሁለቴ ወስዳለች። ደግነቱ ከማስታወክ ያለፈ ነገር አልደረሰባትም።

2. «ወጣ» የሚለውን ሰባት አድርጉት

በሕይወት መውጫው አራት ነው፦ ለአዲስ ባለቤት የተሰጠ፣ ለቀድሞ ባለቤቱ የተመለሰ፣ ለሌላ መጠለያ የተላለፈ፣ ተከትቦና መክኖ ወደ ሰፈሩ የተመለሰ። የቀሩት ሦስቱ በመርፌ የተገደለ፣ በግቢው የሞተ እና የጠፋ ናቸው።

«በመርፌ የተገደለ» የሚለው ቃል ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ብዙዎቻችን «አሳረፍነው» ወይም «ገላገልነው» ማለት እንመርጣለን፤ ሐኪሞቹ ዩተኔዥያ ይሉታል። ከባለቤቱ ጋር ስታወሩ ለስላሳውን ቃል ተጠቀሙ፣ ነውር የለውም። ደብተሩ ላይ ግን «ያረፈ» ከተባለ በዓመቱ መጨረሻ በመርፌ የሄደውና ሌሊት ብቻውን የሞተው አንድ ላይ ይደባለቃሉ። ሁለቱ የሚነግሯችሁ ነገር ደግሞ ፈጽሞ የተለያየ ነው። የመርፌው ዓምድ የውሳኔያችሁን ነገር ያሳያል። የሞቱት ዓምድ የሚያሳየው ደግሞ ንጽሕናችሁንና የክትባት ሰዓታችሁን ነው።

የእኛ 7 ቡችሎች የነገሩኝ ይህን ነው። መስመር በመስመር ሳየው ሁሉም ሲገቡ ደህና ነበሩ፤ የመጀመሪያው ተቅማጥ የጀመረው በ6ኛው ቀን ነው። ፓርቮ ከተጋለጡበት ቀን አንሥቶ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ውስጥ ነው ምልክት የሚያሳየው። ስለዚህ ከውጭ ይዘውት መጥተው ሊሆን ቢችልም፣ እኛው ሰጥተናቸው ሊሆን እንደሚችል መቀበል ነበረብኝ። ቫይረሱ አፈር ውስጥ ወራት ይቆያል። አሁን ቡችላ ሁሉ በገባበት ሰዓት ይከተባል፣ 14 ቀን ሲሚንቶ ወለል ባለው ክፍል ለብቻው ይቆያል። ወለሉ መጀመሪያ በኦሞ ይታጠባል፤ ከዚያ 1 እጅ በረኪና ለ30 እጅ ውሃ ተበጥብጦ ይፈስስበትና 10 ደቂቃ ይቆያል። ቆሻሻ ላይ የተደፋ በረኪና ዋጋ የለውም፤ አፈር ላይም እንደዚያው።

«የጠፋ» የሚለው ዓምድ ላይም ፈተና አለ። አጥር ዘሎ የሄደ ውሻ «ወደ ሰፈሩ ተመለሰ» አይባልም። ወደ ሰፈር መመለስ ማለት ተከትቦ፣ መክኖ፣ ጆሮው ላይ ምልክት ተደርጎበት፣ ከተነሣበት ቦታ ራሱ ላይ፣ የሚያውቀው ሰው ባለበት ሲለቀቅ ነው። በሌሊት ጭኖ ሌላ ሰፈር ማራገፍ መጣል ነው፤ ዓምድ የለውም፣ አይደረግም።

የተሰጠ እንስሳ በ30 ቀን ውስጥ ከተመለሰ መውጫውን ሰርዙት እንጂ እንደ አዲስ ገቢ አትጻፉት። አለዚያ አንድ አስቸጋሪ ውሻ ሦስት ጊዜ ተሰጥቶ ሦስት ጊዜ ሲመለስ ሦስት ጊዜ ያኮራችኋል።

3. ስሌቱ

ለስሌት እንዲመች ቁጥሮች ላውጣ። መስከረም 1 ግቢው ውስጥ 18 እንስሳት ነበሩ እንበል። በዓመቱ 140 ገቡ። 46 ለአዲስ ባለቤት፣ 11 ለቀድሞ ባለቤት፣ 4 ለሌላ መጠለያ፣ 37 ወደ ሰፈራቸው ሄዱ፤ በሕይወት የወጡት 98 ሆኑ። 14 በመርፌ ተገደሉ፤ ከእነዚህ ውስጥ 3ቱን የማይድን በሽታ ይዟቸው ያመጧቸውና የጠየቁላቸው ባለቤቶቻቸው ናቸው። 9 ሞቱ፣ 3 ጠፉ። በጠቅላላው የወጣው 124 ነው።

ከማካፈላችሁ በፊት አንድ ፈተና አለ። 18 ሲደመር 140፣ ሲቀነስ 124፣ 34 ይመጣል። ወደ ግቢው ግቡና ቁጠሩ። 34 ካልሆነ ደብተሩ ተሳስቷል፣ የሚቀጥለው ሁሉ ከንቱ ነው።

አሁን 98ን ለ124 አካፍሉ፤ 79 በመቶ። እኔ የምጠቀመው ይህን ነው።

በአሲሎማሩ ስሌት ግን የሞቱትና የጠፉት ከነጭራሹ አይገቡም፣ ባለቤቶቻቸው የጠየቁላቸው የማይድኑትም ይቀነሳሉ። 98 ለ109፤ 89.9 በመቶ! ሦስተኛም አለ፤ ከገቡት ላይ በሕይወት ያልወጡትን መቀነስ። 140 ሲቀነስ 26፣ 114፤ ለ140 ሲካፈል 81.4 በመቶ። በዚህኛው እስካሁን ግቢ ውስጥ ያሉት ሁሉ እንደዳኑ ይቆጠራሉ፤ ጎጆ ውስጥ ተቀምጦ የሚያረጅ ውሻም ጭምር።

ከአንድ ደብተር 79፣ 81 እና 90 ወጣ። አንዳቸውም ውሸት አይደሉም። ለዚህ ነው ቁጥር ስትለጥፉ ከሥሩ «ይህን ለዚህ አካፍለን» ብላችሁ መጻፍ ያለባችሁ። እኛ የመጀመሪያውን ዓመት ወረቀት ስንለጥፍ ምን ለምን እንዳካፈልን ራሳችንም አናውቅም ነበር።

90 በመቶ የሚለው ቁጥር የሚደጋገመው አሜሪካኖቹ «ኖ ኪል» (የማይገድል) ለሚሉት መጠለያ መለኪያ ስላደረጉት ነው። መነሻው ከሚገቡት እንስሳት በሕመም ወይም በጠባይ ሊረዱ የማይችሉት ከ10 በመቶ አይበልጡም የሚል ግምት ነው። ግምቱ የወጣው ውሻው ከቤቱ ተከትቦ በሚመጣበት አገር ነው። እኛ ጋ የሚገባው ክትባት አይቶ የማያውቅ ቡችላ፣ ባጃጅ የገጨው፣ የፈላ ውሃ የተደፋበት ነው። 90ን እንደ ሩቅ ኮረብታ አስቀምጡት፤ የሚጠቅማችሁ ግን የአምናውን የራሳችሁን ቁጥር ማየት ነው። ውሻና ድመትን፣ ከ5 ወር በታች ያለውንና የደረሰውን ለየብቻ አስሉ። የቡችሎቹ ሞት የትልልቆቹን ዕድል ይሸፍናልና።

ቁጥሩን በመጥፎ መንገድ ማሳደግም ይቻላል። ቀላሉ በሩን መዝጋት ነው፤ ጤነኛና ቆንጆ ቡችላ ብቻ የሚቀበል ሰው 95 በመቶ ቢያመጣ አይገርምም። ስለዚህ የደብተሩን የመጨረሻ ገጾች «ያልተቀበልናቸው» ብላችሁ ያዙ፤ ቀን፣ ምን ዓይነት እንስሳ፣ ለምን፣ ምን እንደመከራችሁ። ሁለተኛው መንገድ ማከማቸት ነው፤ እሱ የራሱ ክፍል ያስፈልገዋል።

4. ቆይታውን ለኩ

በቀን የሚገባው እንስሳ ብዛት፣ በአማካይ በሚቆይባቸው ቀናት ሲባዛ፣ በአንድ ጊዜ ግቢው ውስጥ የሚኖረውን ቁጥር ይሰጣል። በምሳሌያችን 140 ለ365 ሲካፈል 0.38 ነው። አማካይ ቆይታው 47 ቀን ቢሆን 18 እንስሳ፤ 90 ቀን ቢሆን 34 ወይም 35። ማለትም ግቢው የሞላው ብዙ ስለገባ ላይሆን ይችላል። ዘግይቶ ስለወጣ ሊሆን ይችላል።

የሰው ጉልበትም ይሰላል። በመጠለያ ሕክምና ትንሹ የሚባለው ለአንድ እንስሳ በቀን 15 ደቂቃ ለጽዳትና ለምግብ ነው። 18 እንስሳ 4 ሰዓት ተኩል ይወስዳል፤ 34ቱ ግን 8 ሰዓት ተኩል። አንድ ጠባቂ ያለው ግቢ 34 ሲይዝ ማሻሸት፣ መራመድ፣ ቁስል ማየት ቀርቷል ማለት ነው። ውሻው ይፈራል፣ የሚፈራ ውሻ ይናከሳል፣ የሚናከስ ውሻ ባለቤት አያገኝም። ከዚያ ስድስት ወር ቆይቶ «ጠባየ ክፉ» ተብሎ መርፌ ይጠብቀዋል። ርኅራኄ ይዞ የገባ ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው።

በየወሩ 30 ቀን ያለፋቸውን በቀይ አክብቡ። ለእያንዳንዱ አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ምን እየጠበቀ ነው? ክትባት ከሆነ ነገ ይከተብ። ማምከኛ ቀን ከሆነ ይቀጠር። ማንም የማያውቀው ከሆነ ለአንድ ሰው በስሙ ኃላፊነት ስጡት።

5. የመርፌ ውሳኔ

ብቻችሁን አትወስኑ። እኛ ጋ ሦስት ሰው ያስፈልጋል፦ ሐኪሙ፣ እንስሳውን በየቀኑ የሚያበላው ሰው እና ደብተር ያዡ። ጠባቂው ያልተማረ ነው ብላችሁ እንዳታስቀሩት። ውሻው ትናንት መብላት እንዳቆመ የሚያውቀው እሱ ነው።

ጥያቄዎቹ እነዚህ ናቸው። ሥቃዩን ማስታገስ ይቻላል? ሕመሙ የሚድን ከሆነ መድኃኒቱ እዚህ ከተማ ይገኛል፣ ካልተገኘስ እስኪመጣ ይቆያል? ከዳነ በኋላ የሚሄድበት ቤት ወይም ሰፈር አለው? ለሰው አደገኛ ከሆነ፣ በፍርሃት ነው ወይስ ምክንያት በሌለው ማጥቃት? የፈራ ውሻ ላይ በገባ በሦስተኛው ቀን መፍረድ አይገባም፤ ብዙዎቹ በሳምንት ውስጥ ሌላ ውሻ ይሆናሉ። ግቢው በሞላበትና ሁሉም በደከመበት ቀን ደግሞ ከአጣዳፊ ሥቃይ በቀር ምንም አትወስኑ።

ምክንያቱ በአንድ ሐረግ ይጻፍ፦ የማይታገሥ ሥቃይ፣ የማይታከም ተላላፊ በሽታ፣ ለሰው አደጋ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ጥርጣሬ፣ የቦታ እጥረት። የመጨረሻው ያማል። እውነቱ እሱ ከሆነ ግን እሱኑ ጻፉ። በአንድ ሌላ ግቢ ልጆች ጭኑ ላይ ይተኙበት የነበረ ውሻ «ተናካሽ» ተብሎ ተመዝግቦ አይቻለሁ። ቦታ ማጣት ካልተጻፈ ቦታ የሚፈልግለት የለም።

አንድ ማታ ባጃጅ የገጨው ውሻ በማዳበሪያ ኬሻ ተሸክመው አመጡልን። የኋላ እግሮቹ ቆንጥጠን ብናያቸው ምንም አልሰማቸውም፤ ሽንቱ በራሱ ይፈስሳል። እኔ ሐኪሙ እስኪደርስ ወተት ላጠጣው እታገላለሁ። የሌሊት ጠባቂያችን ጋቢያቸውን አውልቀው ከሥሩ አነጠፉና «ልጄ፣ ይሄ ወተት ለእሱ ነው ወይስ ለአንቺ?» አሉኝ። ሐኪሙ ሲመጣ ከተወሰነ በኋላም ጋቢውን አላነሡም። ማለዳ ራሳቸው አጠቡት።

ንክሻ ሲኖር። ሰው የነከሰ ውሻ ወይም ድመት የእብድ ውሻ በሽታ ምልክት ከሌለው ወዲያው አይገደልም፤ 10 ቀን ለብቻው ተይዞ ይታያል። 10 ቀን ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በነከሰበት ሰዓት በምራቁ ቫይረስ አልነበረም ማለት ነው። ምልክት ካሳየ ሐኪሙ በመርፌ ይገድለዋል፤ ጭንቅላቱን መምታት ግን ክልክል ነው፣ ምርመራው የሚደረገው ከአንጎሉ ነውና። የተነከሰው ሰው ቁስሉን 15 ደቂቃ ሙሉ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ይጠብ፤ ያኑ ዕለት ጤና ተቋም ይሂድ፤ ክትባት መጀመር እንዳለበት እዚያ ይነግሩታል። የ10 ቀኑ ክትትል አልቆ እስኪታወቅ እቤት አይጠብቅ። ጠበሉን የሚፈልግ ይጠመቅ፤ የባሕል መድኃኒት የሚያምንም አለ። ክትባቱ ግን በእነዚህ አይተካም። ይህ በሽታ ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል፤ በዓለም ላይ በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ 99 በመቶው ከውሻ የሚመጣ ነው።

6. መርፌው እና ሬሳው

የሐኪም ሥራ ነው። የእናንተ ድርሻ ቦታውን ማዘጋጀትና ትክክለኛው ነገር መደረጉን ማወቅ ነው። ሌሎቹ እንስሳት የማያዩትና የማይሰሙት ጸጥ ያለ ክፍል፤ መሬት ላይ ብርድ ልብስ፤ የሚያውቀው ሰው እጅ። መጀመሪያ ማደንዘዣ ተሰጥቶት ይተኛል፤ ከዚያ ፔንቶባርቢታል የተባለው መድኃኒት በደም ሥሩ ይሰጠዋል። መድኃኒቱ ካልተገኘ ሐኪሙ ሌላ መንገድ ሊጠቀም ይችላል፤ ለምሳሌ ፖታሲየም ክሎራይድ። ይህ ግን እንስሳው በማደንዘዣ ሙሉ በሙሉ ራሱን ከሳተ በኋላ ብቻ ነው። ነቅቶ ሳለ ልቡን ማቆም ጭካኔ ነው።

መሞቱ በሦስት ነገር ይረጋገጥ፦ ልቡ በማዳመጫ ሲሰማ የለም፣ አይተነፍስም፣ የዓይኑ ብሌን ሲነካ አይርገበገብም። ከዚያ በፊት ከረጢት ውስጥ አይገባም።

ሥጋ ላይ መርዝ አድርጎ መበተንን በተመለከተ ረጅም ማውራት አልፈልግም። ስትሪክኒን ውሻውን አእምሮው ሳይጠፋ በመንቀጥቀጥ ነው የሚገድለው። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅትም መግደል ብቻውን የውሻን ቁጥር እንደማይቀንስ ይናገራል፤ ምግቡና ጥጋቱ እስካለ ቦታው በሌላ፣ ባልተከተበ ውሻ ይሞላል።

ሬሳው ግን ችላ የሚባል ነገር ነው። ፔንቶባርቢታል ሬሳው ውስጥ ይቆያል፤ የበላውን ይገድላል። ሐዋሳ ደግሞ የበላተኛ ከተማ ነው። ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ሄዶ አባ ኮዳ የሚባሉትን ትልልቅ ወፎች ያየ ሰው አንድ ሬሳ ሜዳ ላይ ቢጣል ስንት አፍ እንደሚደርስበት አይጠፋውም። ጥንብ አንሣው፣ ጅቡ፣ ሌላው ውሻም አለ። በከተማችን ጣሪያ ላይ የምናየው ትንሹ ጥንብ አንሣ በዓለም ደረጃ ክፉኛ ለመጥፋት ከተቃረቡት ወፎች መካከል ነው። ስለዚህ ቆሻሻ መጣያ ላይ አይጣልም። ከአንድ ሜትር በላይ ተቆፍሮ፣ ከላይ ድንጋይ ተጭኖበት፣ ከሐይቁና ከጉድጓድ ውሃ ርቆ ይቀበራል። የተቀበረበትን ቦታም ደብተሩ ላይ ጻፉ።

7. በሕይወት መውጫውን አስፉ

ትልቁ ሥራ ከበሩ በፊት ነው። ሰው «ባለቤት የሌለው ውሻ» ብሎ ከሚያመጣው ብዙው ባለቤት አለው፤ ቀን ታስሮ ማታ የሚለቀቅ የግቢ ውሻ ነው፣ ወይም የሥጋ ቤቱና የዘበኛው የሰፈር ውሻ ነው። ስለዚህ ከመቀበላችሁ በፊት ጠይቁ። ማንን? ዘበኛውን፣ ሊስትሮውን፣ ተራ የሚጠብቀውን የባጃጅ ሾፌር፣ ጀበና ቡና የምታፈላዋን ሴት። ፎቶ በሰፈሩ የቴሌግራም ግሩፕ ልቀቁ። «ከየት» የሚለው ዓምድ እዚህ ላይ ነው ዋጋው የሚታየው፤ የጠፋ ውሻ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከቤቱ ብዙ ሳይርቅ ነውና።

ወቅትንም ተመልከቱ። በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ሥጋ ቤቶቹ ሲዘጉ ደጃቸው ላይ ያደጉ ውሾች ይበተናሉ፤ ያኔ «ውሻ አስቸገረን» የሚል ስልክ ይበዛል። ውሻው አልተለወጠም፤ ርቦት ነው። በዚያ ወቅት ጥቂት ሰፈሮች ላይ ፍርፋሪ ማዳረስ ግቢ ከማስገባት ይሻላል።

ወደ ሰፈር ለሚመለሱት ክትባቱ ዋና ነገር ነው። የእብድ ውሻ በሽታን ከሰፈር ለማጥፋት ከውሾቹ 70 በመቶው መከተብ አለበት ይባላል፤ ተከትቦ የተመለሰ ውሻ ከዚህ ቁጥር አንዱ ነው፣ ተገድሎ በቡችላ የተተካው ግን አይደለም። ይህ ለሰው ብቻ አይደለም። ከእኛ በስተምሥራቅ ባሌ ተራሮች ላይ ቀይ ቀበሮዎቹ ደጋግመው ያለቁት ከውሻ በተጋባ በዚሁ በሽታ ነው፤ በዓለም የቀሩት ከ500 አይበልጡም።

አሁን ወደ ሴቶቹ። ውሻ ፈልጎ የሚመጣ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው «ወንድ ነው?» ነው። ሴት ቡችላ ጫካ የምትጣለው፣ እኛም ጋ ከሁሉ የምትቆየው ለዚህ ነው። መንገዱ ስብከት አይደለም። መጀመሪያ ማምከን፣ ከዚያ መስጠት ነው፤ «ስትደርስ ታመክኗታላችሁ» ብሎ መስጠት በዓመቱ 6 ቡችላ ያስመልሳል። የማምከኛ ወጪ ከከበዳችሁ ሐኪሞችን በቡድን ቀን አነጋግሩ፤ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲን የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲም ለተማሪዎች ልምምድ መጠየቅ አይከፋም።

ገበያው አጠገብ ቡና የሚያፈሉ እናት ሌሊት ዕቃቸውን የሚጠብቅ ወንድ ውሻ ፈልገው መጡ። ደረቷ ነጭ የሆነችውን ቡኒ አሳየኋቸው።

«ሴት ምን ታደርግልኛለች ልጄ? በዓመት ሁለቴ እየወለደች በሬ ላይ የወንድ ሠርግ ልታስደግስብኝ?»

«እትዬ፣ ማኅፀኗ ወጥቷል። አትወልድም፣ ወንዶቹም አይመጡባትም።»

አላመኑኝም። ጎንበስ ብለው ሆዷን ገልብጠው የተሰፋበትን ጠባሳ በጣታቸው አዩት። እሷ ዝም አለቻቸው። ቀና ሲሉ አንድ ሰውዬ በሩን ገፍቶ ገባና ጮኸችበት። «እስቲ ሳምንት ትሞክረኝ» ብለው ገመዷን ያዙ።

ስትሰጡ የመታወቂያ ቅጂና ስልክ ተቀበሉ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ እቤታቸው ሄዳችሁ እዩ ወይም ፎቶ በቴሌግራም ይላኩ። «ካልተስማማችሁ መልሱልን፣ ማንም አይቆጣችሁም» በሉ። የሚያፍር ሰው አይመልስም፤ ይጥላል።

ድመቶችን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ አይጥ ባለበት መጋዘን፣ ወፍጮ ቤትና እህል በረንዳ ፈላጊ አይጠፋም። ወንዱ ተኮላሽቶ ሴቷ መክና ትሂድ፤ ለሳምንት ዘግተው ይያዟት፣ አለዚያ ተመልሳ ትመጣለች።

8. የዓመቱ ቆጠራ

በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንት፣ ግቢው ውስጥ ሠርቶ የማያውቅ አንድ ሰው ጥሩ። እሱ ይቆጥራል፣ እናንተ ደብተሩን ይዛችሁ ከኋላ ትከተላላችሁ፤ እያንዳንዱ እንስሳ ፊት ቆማችሁ ቁጥሩን ታነባላችሁ። በዓመቱ መጀመሪያ የነበረውና የገባው ተደምሮ ከወጣውና ከቀረው ጋር እኩል እስኪሆን ወረቀት አይለጠፍም።

ዘንድሮ አንድ ጎደለን። ደብተሩ ላይ ያለች አንዲት ግራጫ ድመት የለችም። «የጠፋ» ብለን ልንጽፍ እስክሪብቶ ካነሣን በኋላ ቆጣሪያችን፣ የጎረቤት የሒሳብ አስተማሪ ናቸው፣ «አንድ ጊዜ ደግማችሁ ፈልጉ» አሉ። ከቀትር በኋላ ከመድኃኒቱ ቁም ሣጥን ሥር ከ3 ግልገሎች ጋር አገኘናት። የማምከኛ ቀኗን በዓመቱ ሁለት ጊዜ ያሻገርኩት እኔ ነበርኩ። ግልገሎቹን «እዚሁ የተወለዱ» በሚል ከገቢው ጋር መዝግበን ስሌቱን እንደ አዲስ ጀመርን።